ለገብርኤል የተሳለችው የእናቴ በግ

ጎንደር፣ ማራኪ
ኅዳር 24 ቀን

ለእናቴ፣

እንደምን ከርመሽልኛል? ወገብሽ እንዴት ነው? ብርድ ሲገባ የምትነሣብሽ ሳልስ ዘንድሮ ተወችሽ? ገብሱ ታጭዶ ገባ? በጓስ ደኅና ናት? በጓን የጠየቅሁሽ እንዲሁ ነው፤ ኋላ እመለስባታለሁ። እኛ ሁላችንም ተመስገን ደኅና ነን። በደብዳቤ ወግ «ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብኝ የለም» ማለት ነበረብኝ፤ እኔ ግን የግራ እግር ጫማዬም ጎድሎብኝ ነበር። እሱንም እነግርሻለሁ።

«ምነው በስልክ ብትነግሪኝ» እንደምትዪ አውቃለሁ። አንቺ ስልክ ስታነሺ ድምፁን ለቀሽ ደጅ ላይ ስለምትቆሚ፣ እኔ ለአንቺ ለነገርኩሽ ነገር መልስ የሚሰጡኝ ጎረቤትሽ እትዬ አመለወርቅ ናቸው። ባለፈው ሆዴን እንዳመመኝ ብነግርሽ በማግሥቱ ሦስት ሰው ከዚያው ከድብ ባሕር ደውሎ ስለ ሆዴ ጠየቀኝ። ስለዚህ ይህን ወረቀት በአያ ማንያዘዋል እጅ ልኬልሻለሁ። ለሕክምና መጥተው እኛ ዘንድ ሁለት ቀን አድረዋል። ስጽፍ እያዩ ምን እንደምጽፍ ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ፤ እኔም ሦስቱንም ጊዜ «ሰላምታ» አልኳቸው። ፊደሎቹን ያገዘፍኳቸው ወረቀት ስለተረፈኝ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም።

መጀመሪያ ስለ ቤቱ ላውራሽ፤ ቶሎ ወደ በጓ ብገባ ትደነግጫለሽ።

ልጅሽ እታገኘሁ ነርስነቷን ሆስፒታል ትታው መምጣት አልቻለችም። ጠዋት ጠዋት እኔንና ሁለቱን ልጆቿን እንደ በሽተኛ አሰልፋ ግንባራችንን ትዳስሳለች፣ ምላስ ታስወጣለች፣ ከዚያ ቁርስ ትፈቅዳለች። ባሏ አንዱዓለም ዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲክስ ያስተምር የለ፣ ቤቱንም በሠንጠረዥ ነው የሚያስተዳድረው። ውኃ በመጣ ቀን ማን ጀሪካን እንደሚሞላ፣ ማን ሳህን እንደሚያጥብ፣ ማን በየትኛው ቀን ገላውን እንደሚታጠብ ግድግዳው ላይ ለጥፎልናል። የእሱ ስም ከሳህን ጎን ያለው ሐሙስ ብቻ ነው። ሐሙስ ደግሞ ሁልጊዜ ስብሰባ አለው።

እሌኒ ሰባት ዓመቷን ይዛለች፣ ሁለተኛ ክፍል ናት። ነገር ስትሰማ ዝም ብላ ታስቀምጠዋለች፣ በሳምንቱ ነው የምታወጣው። መዝሙር አራት ዓመት ተኩሏ ነው፤ እሷ ምንም አታስቀምጥም። ጸጉራቸውን የምሠራው እኔ ነኝ። መዝሙር ማበጠሪያው ገና መሳቢያ ውስጥ እያለ ማልቀስ ትጀምራለች፣ ሠርቼ ስጨርስ ደግሞ ከመስተዋት ፊት አትነሣም። ሦስታችን አንድ አልጋ ላይ ነን። እሌኒ እጄን ይዛ ነው የምትተኛ፣ የመዝሙር ተረከዝ የሚያድረው ጎድኔ ላይ ነው። ስነግርሽ የማማርር ይመስላል፤ አይደለም።

አሁን ወደ በጓ።

በመስከረም አንቺ ስለ እኔ ስልክ ላይ «ልጄ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነው» ስትዪ እሌኒ ሰማች። አዲስ አበባ ስንት ይርቃል ብላ አባቷን ጠየቀችው። ሌላ አባት «ሩቅ ነው» ብሎ ይተወው ነበር። አንዱዓለም ግን ካርታ አወጣ፣ በማስመሪያ ለካ፣ አባዛ፣ ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር ግድም እንደሆነ ነገራት። ልጅቷ ያኔ መቁጠር የምትችለው እስከ መቶ ነበር።

ጥቅምት 19 እታገኘሁ ገብርኤል ይዛት ሄደች። እዚያ ጃንጥላ ያመጣ ሰው አለ፣ ሻማ ያመጣ አለ፣ አንዱ ሰውዬ ደግሞ ሙክት በገመድ እየጎተተ መጣ። እሌኒ ጠየቀች፤ እናቷም ሰዎቹ አንድ ነገር ለምነው እንደነበር፣ ሲሆንላቸው የተሳሉትን እንዳመጡ አስረዳቻት። አስረድታ አበቃች። «አንቺ እንዳትሞክሪው» ማለት ረሳች። እሌኒ ግንባሯን ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ አስነክታ ለረጅም ጊዜ ቆመች። እታገኘሁማ ደስ ብሏት ሥራ ቦታ ላለ ሰው ሁሉ ልጇ መንፈሳዊ እንደሆነች አወራች።

የዩኒቨርሲቲ ምደባው በወጣ ዕለት ምሳ እየበላን ነበር። አንዱዓለም ስልኩን አየና ጉሮሮውን ጠራርጎ «ጎንደር» አለ። ይኸው እዚሁ ሰፈራችን ማለት ነው። ከቤታችን እስከ ግቢው በር በእግር አሥር ደቂቃ ነው፤ መዝሙርን ይዤ ከሄድኩ ሃያ አምስት። እታገኘሁ አንቺን እያሰበች ከንፈሯን ነከሰች። ማንም ሳይናገር እሌኒ እጇን ከገበታው አነሣችና «የአያቴን በግ መቼ ነው የምናመጣት?» አለች።

የምን በግ ስንል ነገሩ ወጣ። «ገብርኤል ሆይ፣ አክስቴ እንዳትሄድ ካደረግህልኝ የአያቴን ዳለቻ በግ እሰጥሃለሁ» ብላ ተስላልሻለች። የክረምቱን ዕረፍት አብራት ከርማ የለ፣ በዓለም ላይ ከዚያች በግ የሚበልጥ ነገር አታውቅም። ለምን የራስሽን ነገር፣ ለምሳሌ አሻንጉሊትሽን አልተሳልሽም አልኳት። «አንድ እግር የላትም። ለገብርኤል የጎደለ ነገር ይሰጣል?» አለችኝ። መዝሙር ቀበል አድርጋ እኔም ተስያለሁ አለች። ምን ብትባል «እሌኒን።»

ከዚያ የትልልቆቹን ነገር ባየሽ። አንዱዓለም ሰው በሰው በግ መሳል እንደማይችል፣ ሕጉም እንደማይፈቅድ ተናገረ። ቀጥሎም ምደባው አጋጣሚ መሆኑን በመቶኛ እያሰላ አስረዳን። እሌኒ እስኪጨርስ ጠብቃ «አባዬ፣ በአጋጣሚ ከሆነ የቀረችው በአጋጣሚ ልትሄድ ትችላለች?» ስትለው ጀሪካኑ ሞልቶ እንደሆነ ሊያይ ወጣ። የውኃ ቀን አልነበረም። እታገኘሁ ደግሞ ሥራ ላይ ለሰው ሁሉ ክኒንሽን ዋጪ፣ ክኒንህን ዋጥ የምትል ሴትዮ፣ ስለት የሚለውን ቃል ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። ከገበያ ሌላ በግ ገዝተን እንስጥ አለች። እሌኒ ግን ያልኩት ዳለቻዋን ነው፣ ገብርኤልም የሰማኝ ዳለቻዋን ስል ነው ብላ ድርቅ አለች።

ሳቂ ሳቂ ካለሽ ትንሽ ቆዪ፤ ልጅቷ እየሳቀች አይደለም። ታኅሣሥ 19 በጓ ካልገባች መልአኩ ሐሳቡን ቀይሮ እኔን አዲስ አበባ ይወስደኛል ብላ ፈርታለች። ትምህርት ቤት ምሳዋን ሳትነካው ይዛ ትመለሳለች። መምህሯ «ልጅቷን ሐሳብ ይዟታል» ብላ ደብተሯ ላይ ጽፋ ልካለች። ከትምህርት ቤት ስትገባ መጀመሪያ የምታየው እኔ መኖሬን ነው። የግራ ጫማዬንም የደበቀችው እሷ ናት፤ በአንድ እግር ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር አይኬድም ብላ። እኔም እስክትመልስልኝ በአንድ እግሬ ጥቁር፣ በሌላው የእታገኘሁን ቡናማ አድርጌ ፒያሳ ወርጄ መጥቻለሁ። የታክሲ ረዳቱ ሁለቱንም እግሬን አይቶ ሁለት ሰው ነሽ ወይ አለኝ።

በመጨረሻ የንስሐ አባታችን መምሬ ተክለ ጊዮርጊስ ተጠሩ። እሳቸውን ታውቂያቸዋለሽ፤ ሳይበሉ አይፈርዱም፣ ከበሉ በኋላ ደግሞ ትንሽ ያንጎላጃሉ። ነገሩን ሁሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ተኝተዋል ብለን ሳህኑን ስናነሣ «የሽሮውን ተዉት» አሉ። እሌኒን አጠገባቸው አስቀምጠው ምን ብላ እንደተሳለች ቃል በቃል አስደገሟት። የመዝሙርን ስለት ሲሰሙ ግን ሻያቸው ትን ብሏቸው ጀርባቸውን መታንላቸው። ከዚያ እንዲህ ብለው ፈረዱ። ስለቱ የሕፃን ስለት ስለሆነ ግዴታ የለበትም፤ ነገር ግን የሕፃን ልብ እንዳይሰበር ባለቤቷ በጓን ይዛ ራሷ ትምጣ፣ መልአኩ ፊት ቆማ ወይ «ሰጥቻለሁ» ወይ «ማርልኝ» ትበል። በተወካይ አይሆንም። በስልክም አይሆንም። እሌኒ ይህን ስትሰማ ከሁለት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እራት ጠግባ በላች። አያቴ እስክትመጣ መልአኩ ይጠብቃል ማለት ነው ብላ ጫማዬንም አወጣችልኝ። የዱቄቱ በርሜል ውስጥ ነበር።

አሁን ደግሞ ማንም የማያውቀውን ልንገርሽ። ይህን ስታነቢ እትዬ አመለወርቅ አጠገብሽ ካሉ ወደ ጓሮ ዙሪ።

የዩኒቨርሲቲ ምርጫ የምንሞላው እኛው ነን። አንቺ አዲስ አበባ ብለሻል፣ እታገኘሁ አዲስ አበባ ብላለች፣ አንዱዓለም ሠንጠረዥ ሠርቶ አዲስ አበባ በአራት ነጥብ አሸንፋለች። ውጤቴም ይበቃ ነበር። እኔ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጬ አንደኛ ምርጫ የሚለው ላይ ጎንደር ብዬ ሞላሁ። ይህን ያደረግሁት በመስከረም መጨረሻ ነው፤ እሌኒ ግንባሯን ከግድግዳው ከማስነካቷ ሦስት ሳምንት በፊት። እንግዲህ ገብርኤል ይፍረድ፣ ምስጋናውን ሁሉ የሚወስደው እሱ ነው።

ለእሌኒ እውነቱን ነግሬ ልገላግላት አስቤ ነበር። ግን እሌኒ ካወቀች በሳምንቱ እታገኘሁ ታውቃለች። እታገኘሁ ካወቀች ደግሞ «ለምን» ትለኛለች። ቅጹ ላይ ለምን የሚል ጥያቄ አልነበረም፤ ለዚህ ነው የወደድኩት።

በእንቁጣጣሽ ስመጣ አጥሩ ላይ የተሰቀለውን ካፖርት «አያ ማንያዘዋል፣ እንደምን አደሩ» ስትዪው ሳቅሁ። አንቺም አብረሽኝ ሳቅሽ። በኋላ መርፌና ክር ሰጥተሽኝ «አንቺ አስገቢው፣ ብርሃኑ ሸጋ አይደለም» አልሽኝ። እማዬ፣ ቀትር ነበር፤ የተቀመጥነውም ደጅ ነበር። ለእታገኘሁ እንዳልነግር ያስማልሽኝ ያን ዕለት ነው። አልነገርኳትም፣ አሁንም አልነግራትም። ከማራኪ ድብ ባሕር ቅዳሜ ሄዶ እሑድ መመለስ እንደሚቻል ግን ለራሴ ነግሬዋለሁ።

እስከ ዛሬ ወደ ጎንደር ነዪ በተባልሽ ቁጥር መልስሽ «በጓን ለማን ትቼ» ነው። ይኸው በጓም ተጠርታለች። ታኅሣሥ 18 ማለዳ ተነሺና ማታውን እኛ ዘንድ እደሪ። ሚኒባሱ ላይ በጓ ጣሪያው ላይ፣ አንቺ ከሹፌሩ ጎን ነሽ፤ ለሹፌሩ አስረግጠሽ ንገሪው። ከበዓሉ በኋላ ጥቂት ቀን ትቆዪያለሽ። የእታገኘሁ ሆስፒታል የዓይን ሐኪሞቹ ሰኞና ረቡዕ ነው አሉ የሚያዩት፤ ይህን የምነግርሽ ለወሬ ያህል ነው። ስለ በጓም አታልቅሺ። ስለት የገባ በግ በጨረታ ይሸጥ የለ፣ ትናንት አንዱዓለምን ጓሮ ውስጥ አንድ እስር ሳር አስቀምጦ፣ ሜትር ይዞ መሬት ሲለካ አገኘሁት። ምን እየሠራህ ነው ብለው ለውኃ ታንከር ነው አለ። ለውኃ ታንከር ሳር ምን ያደርጋል ስለው ሠንጠረዡ ውስጥ ሐሙስን ሰረዝኩልሽ፣ ዝም በይ አለኝ።

መዝሙር ጉንጭሽን ሳሚልኝ ብላለች። እሌኒ ደግሞ ለበጓ ንገሪልኝ ብላ በጆሮዬ ብዙ ነገር አንሾካሹካብኛለች፤ ስትመጡ ራሷ ትንገራት። እግዚአብሔር ጤናሽን አብዝቶ፣ ዕድሜሽን አርዝሞ፣ በሰላም አንሥቶ በሰላም ያግባሽ። የደጁን ድንጋይ ስትወርጂ ቀስ በይ።

የመጨረሻዋ ልጅሽ

ደግሞ ይህችን ሳልጽፍ ልዘጋው ነበር፤ መምሬ «ራሷ ትምጣ» ማለታቸው ከራሳቸው እንዳልሆነ እንደምትጠረጥሪ አውቃለሁ፣ የወለድሽኝ አንቺ ነሽ። ስትመጪ እሳቸውኑ ጠይቂያቸው።