ሳፋዋ ላይ ያረፈችው ፀሐይ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? ዓይንሽስ እንዴት ነው? የደረበ ልጆች አላስቸገሩሽም? እኔ ከኮኪት ሙቀት በቀር የሚከፋኝ ነገር የለም፤ ጤናዬ ደህና ነው። ጎረቤቶቻችን ስምሽን ሳያነሱ አይውሉም፤ ዘሀቢያማ ሱቋን በከፈተች ቁጥር ስላንቺ ትጠይቀኛለች። ይህን ደብዳቤ የምታደርስልኝም እሷ ናት። ጎንደር ዕቃ ልታመጣ ስትሄድ፣ ከእጅሽ ካልሆነ ለማንም እንዳትሰጥ አደራ ብያታለሁ። ስልክ ብደውል ወንድሜ ደረበ አብሮ ይሰማል፤ የምልክልሽ ፎቶም የሚገባው በእሱ ስልክ ነው። ፊደሉን ያተለቅሁት ሆን ብዬ ነው።

እማዬ፣ ዋሽቼሻለሁ። ዙሪያውን ከምዞር መጀመሪያውኑ ልናገረው።

ለዓይንሽ ሕክምና ከሄድሽ ጀምሮ የግቢያችንን ወፎች በስልክ እያነሳሁ እልክልሻለሁ። በራኩባው ዳስ ጥላ ሥር ውሃ የምትሞይላቸው ሳፋ አሁንም እዚያው ናት። "ወፍ የፈላ ውሃ አትጠጣም" ስለምትይ አንድ ስንዝር አላንቀሳቀስኳትም። ቀትር ላይ ሲጠማቸው ይመጣሉ፤ እኔም የሰሊጥ ጆንያ አንጥፌ በሆዴ ተኝቼ፣ ትንፋሼን ይዤ እጠብቃቸዋለሁ። ከሩቅ ሳነሳቸው ምስሉ ስለሚበላሽ ቀስ እያልኩ መቅረብ አለብኝ። ስልኩ ግሎ አልሠራም ሲለኝ ከእንስራው ጎን አስደግፌ አቀዘቅዘዋለሁ። ከዚያ ብርሃኑን እጨምራለሁ፣ ቀለሙን አደምቃለሁ፣ ለዓይንሽ እንዲቀል ወፏን አጎላታለሁ።

አንቺም "ጎሽ የኔ ልጅ፣ አየኋት" ትያለሽ። ቁራ ልኬልሽ "ምን ያለች ዶሮ ናት" ያልሽ ዕለት ግን እንደማታዪ ገብቶኛል። ደረበም ቤቱን እንሽጥ ማለት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ሁለተኛው ዓይኗ ከተሠራ በኋላ እንኳ ለውጥ ያላት አይመስለኝም አለኝ። ክፋት የለውም፤ ካላየች እዚያ በረሃ ማን ይጠብቃታል ነው የሚለው። ቦታውን ለሰሊጥ መጋዘን የሚፈልግ ሰው አግኝቶ፣ አንቺን ውክልና ሊያስፈርምሽ ቀን ቆርጧል።

አሁን የደበቅሁሽን ልንገርሽ። በሚያዝያ መጨረሻ የመጣው ንፋስ ራኩባውን ከነቋሚው ነቀለው፤ የቤቱንም ቆርቆሮ ግማሹን ገንጥሎ ከጎረቤት ማሳ ጣለው። ይህን ደረበ ቢሰማ ቤቱ በማግስቱ እንደሚሸጥ አውቃለሁ። መተማ ዮሐንስ ስልክ የምትጠግነው ረፊቃ፣ በጣት ሲያሹት የማይፈልጉትን ነገር ከፎቶ የሚያጠፋ አፕ ጭናልኝ ነበር። የተጣመመውን ቆርቆሮ አጠፋሁት። የወደቀውን ቋሚም አጠፋሁት። ድንቢጧን ምንም ባልደረሰበት ግቢ ውስጥ ውሃ ስትጠጣ ላክሁልሽ። በእጄ ሥራ ኮርቼም ነበር።

በማግስቱ ደረበ እየሳቀ ደወለልኝ። እማ አንድ ነገር ጠይቅልኝ ብላ አላስቀምጥ አለችኝ ብሎ ቃልሽን እንዳለ ነገረኝ፦

"በቀትር ሳፋዬ ላይ ፀሐይ ምን ትሠራለች?"

እሱ ከእርጅና ቆጥሮታል። እኔ ፍርስራሹን ሁሉ ስፍቅ ጥላው አለመኖሩን ልብ አላልኩም ነበር። ስልኩን ዘግቼ ሳፋዋ አጠገብ ቁጭ አልኩና አለቀስኩ። ውሸቴ ስለተያዘ አፍሬ ነው ብልሽ ሌላ ውሸት ይሆናል። በደስታ ነው እማዬ፣ በደስታ ነው ያለቀስኩት።

ከእንግዲህ የምደብቅሽ የለኝም። አናጢው ይርዳውና እኔ የራኩባውን ሦስት ቋሚ ተክለናል፤ አራተኛውን ነገ እንተክላለን። ቆርቆሮውን ለመምታት ጣሪያ ላይ የወጣሁትም እኔ ነኝ። ይርዳው ሴት ልጅ እንዲህ አይነት ነገር አይሆንላትም ሲለኝ፣ ሚስማሩን አቀብለኝ አልኩት። ዝናቡ ሳይገባ ቤቱ ይከደናል። ባይደርስ እንኳ በተረፈው ግማሽ ሥር እተኛለሁ እንጂ ከዚህ ግቢ ንቅንቅ አልልም።

ከደብዳቤው ጋር ረፊቃ ያተመችልኝን ፎቶ አብሬ ልኬያለሁ። ምንም አልነካካሁትም፤ የጣሪያው ቀዳዳም፣ የቆመው ቋሚም እንዳለ ነው። ከሳፋዋ ጠርዝ ላይ ያረፈችው ምን ወፍ እንደሆነች ለደረበ ንገሪው። ዶሮ አይደለችም።

የውክልናውን ወረቀት ይዞ ሲመጣ አትቆጪው። አጠገብሽ አስቀምጪውና፣ ይህን ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢለት።

እመቤቴ ማርያም ብርሃንሽን ትጠብቅልኝ፤ በሰላም መልሳ ከደጅሽ ታግባሽ። ሳፋዋን እየሞላሁ እጠብቅሻለሁ።

ልጅሽ
ኮኪት፣ ከግቢሽ