ስማቸውን ለማልጠራው ዶክተር፦ የጠየቁኝ ምስክርነት

ለተከበሩ፣ በሙያቸው አንቱ ለተባሉ፣ ስማቸውን ግን ለማልጠራው ዶክተር፤
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሞ የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረስዎ። እርስዎም፣ የተከበሩ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። በተለይ ሳንባችሁ ደህና እንዲሆን፣ ደረጃ ስትወጡ ትንፋሽ እንዳያጥራችሁ፣ ቢያጥራችሁም ስለ ነፍሳችሁ ከመጨነቁ በፊት ደረታችሁን የሚያዳምጥ ሐኪም እንዳታጡ ከልብ እመኛለሁ።

ስምዎን የማልጠራው ፈርቼ አይደለም። ስም ሳይጠሩ ስለ ሰው ማውራት ጨዋነት መሆኑን ያስተማሩኝ እርስዎ ስለሆኑ፣ ትምህርቱ እንዳልባከነ ላሳይዎ ብዬ ነው።

አንባቢ ግራ እንዳይገባው ማን እንደሆንኩ ልናገር። ወሰንየለሽ ጀማነህ እባላለሁ። ከባለቤቴ ከጎሳዬ ጋር ኦሃዮ ውስጥ፣ ኮለምበስ ከተማ ፎረስት ፓርክ ሰፈር ተከራይተን ብዙ ዘመን ኖርን፤ ቤት መግዛት አቅማችን የፈቀደው ግን ከኮለምበስ ራቅ ብላ በቆሎና አኩሪ አተር መሀል በተቀመጠች ትንሽ ከተማ ነው። እኔ እዚያው የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ እሠራለሁ። በከተማዋ የምንኖር ሐበሾች እኛ ብቻ ነን። ሌላው ሐበሻ ጠዋት ከኮለምበስ እየነዱ መጥተው፣ አካባቢው ያለውን አንድ ክሊኒክ የሚመሩት፣ ማታ ወደ ቤታቸው የሚመለሱት ዶክተር ናቸው። እኚሁ ዶክተር እሑድ እሑድ እኛም በምንሄድበት የኮለምበስ አማርኛ ቤተክርስቲያን ሽማግሌ ሆነው ከፊት ወንበር ይቀመጣሉ። እንግዲህ ስም አልጠራሁም።

ልጃችን ሩፋኤል አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ሲወለድ ሴት ተብሎ ተመዘገበ፤ እሱ ግን ራሱን የሚያውቀው ወንድ ልጅ አድርጎ ነው፣ ሩፋኤል የሚለውንም ስም የመረጠው ራሱ ነው። እኔና አባቱ ይህን ለመስማት ጊዜ ወስዶብናል፣ ሰምተን ግን ልጃችንን አቅፈናል። የልጇን ምስጢር አደባባይ አወጣች የሚለኝ ካለ ትንሽ ይታገሠኝ፣ ማን ቀድሞኝ እንዳወጣው ከታች ያገኘዋል። ይህንንም ደብዳቤ ለሩፋኤል አንብቤለት፣ ፈቅዶልኝ ነው የማወጣው። ሩፋኤል ከሕፃንነቱ ጀምሮ አስምም አለበት። ወደ እርስዎ ያመጣሁት ለአስሙ ነበር።

አሁን ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

፩ኛ. ስለ ምርመራዎ አመሰግናለሁ። የበቆሎ አጨዳ ሰሞን ነበር፣ አቧራው ከተማውን አልብሶት፣ የልጄ ደረት ሲር ሲር እያለ፣ በአፉ የሚስበው የአስም መድኃኒት፣ ኢንሄለሩም አልቆ። እንደ ደንቡ እኔን ከክፍሉ አስወጥተው ልጁን ብቻውን አነጋገሩት፣ የሚነግርዎ ሁሉ እዚያው እንደሚቀርም ቃል ገቡለት። ልጄ አመነዎ። ምን ይፈረድበታል? የእናቱን ቋንቋ የሚናገር ሐኪም፣ በዚያ ላይ ከልጅነቱ ጀምሮ በዓል በመጣ ቁጥር ራሱን የሚዳብሱት ሽማግሌ! ስለዚህ ከቤት ጀምሮ ሲያሰላስለው የነበረውን ጥያቄ ጠየቀዎ። ደረቱን የሚያስተኛ ጠባብ የውስጥ ልብስ እንደሚለብስ ነግሮዎ፣ ይህ ለአስሙ ክፉ ይሆን ወይ አለዎ። ጥያቄው የሕክምና ጥያቄ ነበር፤ እንደውም አስተዋይ ጥያቄ ነበር።

እርስዎ ግን በሩን ከፍተው እኔን ጠሩኝና፣ ልጁ አጠገባችን ተቀምጦ ወለሉን እያየ፣ እዚያው ይቀራል ያሉትን ሁሉ ዘረገፉልኝ። እንደማላውቅ ቆጥረውኝ ሊያጽናኑኝም ሞከሩ። ከዚያ «ዋናው ነገር» ሳይያዝ ሌላውን ማከም ዋጋ የለውም፣ መጀመሪያ ቤተክርስቲያን የምክር አገልግሎት ይጀምር፣ ስለ መድኃኒቱ በሌላ ቀጠሮ እናያለን አሉ። ለልጆች የጾታ ለውጥ ሕክምና እንዳይሰጥ የሚከለክለውን የኦሃዮን ሕግም አነሱልኝ። ሕጉን እናውቀዋለን ዶክተር፣ ለልጆች የከለከለውን ሕክምና እኛም አልጠየቅንዎትም። ሳንባ ማዳመጥን የከለከለ ሕግ ግን እስካሁን አልሰማሁም።

ቀጥለው እጅዎን ልጄ ራስ ላይ ጭነው ጸለዩ። የደረት ማዳመጫው አንገትዎ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ጸሎቱ ረጅም ነበር፣ በመሀሉ ሩፋኤል ሲያስል የልጁ ሳል እንዳይሰማ እርስዎ ድምፅዎን ከፍ አደረጉ። እኔ አማኝ ነኝ፣ በጸሎት ያደግሁ፣ በጸሎት የምኖር ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን ጸሎት አቅለሸለሸኝ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ስሜት ተሰምቶኝ አያውቅም፣ ይህንንም ያስተዋወቁኝ እርስዎ ነዎት።

፪ኛ. ስለ ጸሎት መስመሩ ደግሞ እጥፍ ምስጋና ይገባዎታል። ቤተክርስቲያናችን ረቡዕ ረቡዕ በስልክ ተገናኝቶ የመጸለይ ልማድ አለው፤ መኪና የሚነዳውም፣ ሥራ ላይ ያለውም፣ ወጥ የሚሠራውም ደውሎ ይገባል። በዚያው ሳምንት እኔም ድምፄን ዘግቼ የአረጋውያኑን ልብስ እያጠፍኩ ሳዳምጥ የጸሎት ርዕስ አቀረቡ። በሥራ ምክንያት ያገኟት፣ ከከተማ ርቀው እርሻ መሀል ከሚኖሩ ቅዱሳን ቤት የሆነች፣ አንድ ልጅ ብቻ ካላቸው፣ «ወንድ ነኝ» በሚል መንፈስ የተያዘች ልጅ እንዳለችና ሸክም እንደሆነችብዎ ተናገሩ። ስሟን ግን ለቤተሰቡ ክብር ሲሉ እንደማይጠሩ አከሉበት። መስመሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ በአንድ አፍ «አቤቱ» አለ።

እርሻ መሀል የሚኖር የቤተክርስቲያናችን ሰው ከእኛ ሌላ ማን አለ? ልብሱን አጥፌ ሳልጨርስ ስልኬ ይጮህ ጀመር። ከቤተክርስቲያናችን እትዬ ጽጌ ሰው እንደሞተብኝ እያለቀሰች አጽናናችኝ። አንዷ ይህ የሚመጣው ሆርሞን ከሚሰጠው ከአሜሪካ ዶሮ ነው፣ የሐበሻ ዶሮ አብዪው አለችኝ። ሌላዋ ልጇ ከልጄ ጋር በቴክስት እንዳይገናኝ በትሕትና ለመነችኝ። እርስዎ ጋ ደውዬ ምን ማድረግዎ ነው ብዬ ብጠይቅዎ፣ በዚያ በሚጣፍጥ ረጋ ባለ ድምፅዎ፣ እህቴ እኔ እኮ ስም አልጠራሁም አሉኝ። ወይ ጉድ! የሰውን ልጅ ገላ አውጥተው አደባባይ ካሰጡ በኋላ ፊቱን በነጠላ ሸፍኜዋለሁ እንደማለት ነው። ይህን ዓይነቱን ጨዋነት ሳስበው ዛሬም ይዘገንነኛል።

፫ኛው አጭር ነው። ሩፋኤል በዚያ ሳምንት «አይም ዳን» አለኝ። ከቤተክርስቲያንም፣ ከሐኪምም፣ ከማንኛውም ሐኪም፣ አበቃ ማለቱ ነው። ከኮለምበስ ቀጠሮ ላሲዝለት ብል ያኛውም ለሰው ይነግራል አለኝ፤ አይነግርም ብዬ ልምልለት አልቻልኩም። እግዜር ያሳይዎት፣ እርስዎም ቃል ገብተውለት ነበር።

እንግዲህ ወደ ምስክርነቴ ልምጣ፣ ምክንያቱም የጠየቁኝ እርስዎ ነዎት።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጎሳዬ ሥራ ሄዶ፣ ከቤታችን ኋላ ያለውን ማሳ እያጨዱ፣ የሩፋኤል ክፍል ሙዚቃው ቤቱን እስኪያንቀጠቅጥ ተከፍቶ ነበር። ሁለት ጊዜ ቀንስ ብዬ ጮህኩ፣ አልቀነሰም። ልቆጣው ገባሁ። ልጄ አልጋው ጠርዝ ላይ ወደ ፊት ተደፍቶ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ፣ ትከሻው እየዘለለ አየር ይፈልጋል። ሙዚቃውን የከፈተው የደረቱን ድምፅ እንዳልሰማበት ነበር። ሰምቼ ወደ እርስዎ እንዳልወስደው ነበር!

መኪና ውስጥ አስገብቼው እየነዳሁ ለአደጋ ጥሪው፣ ለናይን ዋን ዋን ደወልኩ። አምቡላንሱ ሩቅ ነው፣ እርስዎ ግን ቅርብ ነዎት፤ ቅዳሜ እስከ እኩለ ቀን ክፍት ነው። አዎ ዶክተር፣ ይህ ሁሉ ሆኖም ወደ እርስዎ አዞርኩ። የልጅ ትንፋሽ ሲቆራረጥ እናት ኩራት የላትም። ሩፋኤል የክሊኒክዎን ምልክት ሲያይ የመኪናውን በር እጀታ ያዘና፣ በማትበቃው ትንፋሹ ሁለት ቃል አወጣ፤ «ኖት ሂም» አለ፣ እሱ ጋ አይሆንም ማለቱ ነው። በሩን ሊከፍተው ነበር፣ እየሄድን። መሪውን መለስኩ። መኪናዎ ደጅ ቆማ አየኋት፣ አለፍኳት። አምቡላንሱ ሃይዌዩ መግቢያ ጋዝ ስቴሽን ላይ ደረሰልን፣ ኮለምበስ እስክንገባ ድረስም ልጄ በሰው እጅ ተነፈሰ።

ኢመርጀንሲ ያገኘችን ሐኪም ወጣት ፈረንጅ ናት፣ የማን አማኝ እንደሆነች አላውቅም። ምን እንደሚባል ጠየቀችው፣ ሩፋኤል አላት፣ ሩፋኤል ብላ ጠራችውና ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገች። ከተረጋጋ በኋላ የዚያኑ ቀን፣ ለእርስዎ ያቀረበውን ጥያቄ ለእሷ አቀረበላት። አስሙ ሲነሳበት እንዲያወልቀው፣ ለብሶት እንዳይተኛ፣ በልኩ የሆነ እንዲገዛ ነገረችው። ያ ሁሉ መዓት የመጣው ለዚህች መልስ ነበር። እኔ ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ፣ ከደስታ ግን አልነበረም፣ ከንዴት ነበር።

በቀጣዩ ረቡዕ ጸሎታችን መልስ እንዳገኘ፣ ያቺ ስሟ ያልተጠራ ልጅ ከሞት እንደተረፈች በመስመሩ አበሠሩ። ማን ነግሮዎ ነው አልልም፣ ከእትዬ ጽጌ የሚያመልጥ ነገር የለም። ከዚያም ለእኔ ደውለው፣ በሚመጣው እሑድ ቤተሰቡ በሙሉ መድረክ ላይ ወጥቶ ምስክርነት ቢሰጥ ብዙዎች ይበረታሉ አሉኝ። ልጄን በሩን ከዘጉበት በኋላ መትረፉንም ለራስዎ ሊያስመዘግቡ! ብዙ ጸያፍ ነገር አይቻለሁ፣ ሥራዬ እንኳ ሰው ማጠብ ነው፣ እንዲህ ያለ ጸያፍ ግን እጄ ነክቶ አያውቅም። መድረኩን ስላልፈለግሁት ምስክርነቴን ይኸው በጽሑፍ ሰጠሁ።

የምለምንዎ አንድ ነገር አለኝ፣ ይህን ያለ ሽሙጥ ነው የምለው። ሩፋኤል ኮለምበስ የሚያመላልሰው እናትና አባት አለው። በዚያ በቆሎ መሀል ግን እንደ እሱ ያሉ የገበሬ ልጆች አሉ፣ አንዱን አውቀዋለሁ፣ ጉሮሮው ሲታመም ክሊኒክዎ እንዳይወስዱት ለቤተሰቡ ደህና ነኝ የሚል ልጅ። ሌላ ክሊኒክ የላቸውም። እምነትዎን ይያዙ፣ ማንም አይቀማዎትም። ልጅ አመመኝ ብሎ ሲመጣ ግን መጀመሪያ ያመመውን ቦታ ያዳምጡ። የተሾሙት ለዚህ ነው።

ረጅም ዕድሜና ሙሉ ጤና፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ማታ ሲተኙ ያልተቆራረጠ ትንፋሽ እየተመኘሁልዎ፣ ካስተማሩኝ ጨዋነት ፍንክች ሳልል፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ወሰንየለሽ ጀማነህ
የሩፋኤል እናት

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ለሩፋኤል ሳነብለት፣ አማርኛው ሲከብደው በእንግሊዝኛ እያስረዳሁት፣ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ስም አልጠራሁም ማለትዎ ግን እውነት እንደሆነ እንድጽፍልዎ አሳሰበኝ። ማን ብዬ ልጥራህ ብለው እንዳልጠየቁት፣ በዚያ ክፍል ውስጥም ከገባ እስኪወጣ ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ ስሙን እንዳልጠሩት ያስታውሳል።