እንሰት ፋቂው ፈረንጅ

ልጄ ፈቃደ፣ እንደምን ሰነበትክ? የባዕድ አገር ብርድ እንኳ አንተን ሲያይ ይሙቅ። እኛ ደህና ነን፤ ላሚቱም ወልዳለች።

ሊያስተምር ከአሜሪካ መጥቶ አንተ ክፍል ያረፈው የሰላም ጓድ ልጅ ግን ጉድ አመጣ። ከሴቶቹ መሃል ቁጭ ብሎ እንሰት መፋቅ ጀመረ! ወንድ እንሰት ሲፍቅ በቡታጅራ ታይቶ ያውቃል? አባትህ፣ «ቤቴን አዋረደ፤ ዛሬውኑ ይውጣልኝ!» ብለው ፎከሩ። ጎረቤታችን ሰፍያ፣ «ወላሂ ይውጣ! ግን እንሰቱ ገና አላለቀም፤ ቦታው ላይ እርስዎ ይቀመጣሉ» አለቻቸው።

ልጁ አልወጣም። እንዲያውም ትናንት አባትህ አጠገቡ ቆመው፣ «ኧረ እንዲህ አይደለም የሚያዘው!» እያሉ ሲያርሙት ሰማኋቸው። የት እንደተማሩት አልጠየቅኩም።

አደራ፣ አንተም እዚያ ቤቷ ላኖረችህ ሴትዮ ድንች ላጥላት፤ እሷም ለልጇ የምትጽፈው ታግኝ። ማርያም ጣትህን ከቢላዋው ትጠብቅልኝ።

እናትህ መሰለች