መስታወቱ ላይ ያለ ሞራ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4 ቀን 1932

ዛሬም ድንጋይ። ከቀራንዮ ድንጋይ ካባ ወደ ከተማ አምስት ጊዜ ተመላለስን። ዝናብ ካቆመ ገና ወሩ፣ መንገዱ ግን ዱቄት ሆኗል... የፊት መስታወቱ ላይ ውኃ ካልተረጨ ምንም አይታይም።

ደግነቱ የኔ ካሚዮን ውኃ ይረጫል! ካሚዮኖቹ በሚያድሩበት ግቢ ሌላ እንዲህ ያለ የለም። ከመቀመጫው ሥር የወይራ ዘይት ቆርቆሮ፣ ከተሰበረ የመድኃኒት መርጫ ያወጣሁት የእጅ ፖምፓ፣ ቀጭን ጎማ፣ ጫፉ ላይ በመርፌ የተበሳ ናስ። ሁሉንም ራሴ ገጣጠምኩት። ፖምፓውን ስጨምቅ መስታወቱ ላይ ጭርር ይላል፣ ረዳቴ ጀማል መጥረጊያውን በእጁ ያመላልሳል። ጀማል የሦስት ልጆች አባት ነው፣ መንዳትም ያውቃል። ግን መሪ አላስነካውም። ከመሪ ላይ ስነሳ ሰው አልመስልም።

ዛሬ ከታጠበ በኋላም መስታወቱ ላይ ጭጋግ ቀረ። እንዴት?

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

የናሱን ጫፍ ፈታሁ። ቀዳዳውን በፈረስ ጭራ ጠረግኩ። ቆርቆሮው ሥር ዝቃጭ ነበር፣ ደፋሁት። ውኃውን በጨርቅ አጠለልኩ። አሁን ቀጥ ብሎ ይወጣል... ጭጋጉ ግን አለ።

«ጀማል፣ ይታይሃል?»

«ጥርት ብሏል እኮ ጋሼ።»

ሰነፍ! ላለመጥረግ ነው።

እውነቱን ልናገር? ጭጋጉን አልጠላሁትም። ጠዋት ቀራንዮ መድኃኔዓለም ከዛፎቹ በላይ ተንሳፎ ይታያል፣ መሬት ሳይነካ። ባሕር ዛፎቹ የተነደፈ ጥጥ ይመስላሉ። ኬላው ላይ ጠመንጃ የያዙት ወታደሮች እንኳ ከሩቅ የተሰጣ ልብስ ናቸው። ዓለም እንዲህ ለስልሳ ብትቀርስ...

እሑድ፣ ኅዳር 9

ጎረቤታችን አባ ገሜዳ፣ ልጃቸው ዱሬቲ በሰላም ተገላገለች ብለው በግ አረዱ። እንደ ልማዳቸው ሞራውን ዘርግተው ወደ ብርሃን አነሱት። የሚመጣውን ያነቡበታል። በሞራው ውስጥ አሻግረው እኔን አዩኝ።

«ምን አዩ አባ ገሜዳ?»

«አንተን» አሉኝ።

እኔ ግን ሐሳቤ ፖምፓዬ ላይ ነው። ውስጡ ያለው ቆዳ ደርቆ አየር ይስባል። ሞራ ቢቀባ ይለሰልሳል። ለመንኳቸው፣ ቆርሰው ሰጡኝ። «ደግሞ ሞራ ለመኪና!» ብለው ሳቁብኝ። ቤት ገብቼ ቆዳውን አሸሁት፣ መልሼ ገጠምኩት። እንደ አዲስ ሆነ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን። ኮልፌ ሁሉ ቆሻሻውን ያቃጥላል፣ ጭስ በጭስ። ጀማልም ዓይኑን እያሸ «ምንም አይታየኝም» አለ። ደስ አለኝ። ለምን ደስ እንዳለኝ እንጃ።

ዓርብ፣ ኅዳር 14

ጭሱ ሄደ። ጭጋጉ አልሄደም።

ራት ላይ እጄ ወጡን ስቶ ሌማቱ ላይ አረፈ። ባለቤቴ ፀዳለ አየችኝ።

«ሞራ ነው» አለች።

«ምኑ?»

«የጋረደህ። አባ ገሜዳም ለኔ ያሉኝ ይኼንኑ ነው።»

ገባኝ! የበጉ ሞራ ከቆዳው እየቀለጠ ውኃው ውስጥ ገብቷል፣ መስታወቱን ቀብቶታል። እንዴት አላሰብኩትም? «ነገ በእንዶድ አጥበዋለሁ» አልኳት።

 ከዚያ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ሳቀች? አለቀሰች? አላወቅኩም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 15

እንዶድ ወቅጬ አረፋውን በቆርቆሮው፣ በጎማው፣ በናሱ አሳለፍኩ። መስታወቱን እስኪጮህ ድረስ አሸሁት። «ጋሼ፣ ሊጨርሱት ነው እኮ» አለ ጀማል። ተቀምጬ አየሁ... ያው ነው።

ይኼን ደብተር ገለጥኩ። ጭጋጉ የመጣው ኅዳር 4 ነው። ሞራውን የቀባሁት ኅዳር 9። የራሴን ጽሑፍ ለማንበብ ደብተሩን መስኮት ድረስ ወሰድኩት።

የዓይን ሞራ። ፀዳለ ያለችኝ እሱን ነበር።

ለማንም አልናገርም። መንገዱን እንደሆነ በቃሌ አውቀዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 18

 ልጻፈው።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ድንጋይ ጭነን ወረድን፣ ፀሐይዋ ከፊት ለፊት። መስታወቱ ላይ ነጭ እድፍ አየሁ። የወፍ ኩስ ነው ብዬ ፖምፓውን ጨመቅኩ። አልለቀቀም። ደግሜ ጨመቅኩ። እድፉ እያደገ መጣ...

«ሰው! ጋሼ፣ ሰው!»

ጀማል የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጁ ጎተተው። ድንጋዩ ከኋላ ተናወጠ። ቆምን። እድፉ እጁን አነሳ።

ሰርኬ ናት፣ የማዶ ጎረቤታችን፣ ነጠላዋን ተከናንባ። ከመስታወቱ የተረፈው ውኃ ፊቷ ላይ ይንጠባጠባል። «ጋሼ ወልደሰንበት፣ ደግሞ ውኃ ይረጩኝ ጀመር?» ብላ እየሳቀች አለፈች። ቀልድ መሰላት።

ሰው ከመስታወት ላይ ላጥብ ነበር።

ጀማል ወርዶ በኔ በር በኩል መጥቶ ቆመ። ተነስቼ ወደዚያኛው መቀመጫ ተጠጋሁ። እሱ ነዳ። ከተማ እስክንደርስ አለቀስኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 19

ጀማል ቤት ድረስ መጣ። «አይናገሩ ጋሼ። እኔ እነዳለሁ፣ ኬላና ግቢ ስንደርስ ብቻ ቦታ እንለዋወጣለን። ማን ያውቃል?»

ደግ ሰው። ሰነፍ ማለቴ ቆጨኝ። ሐሳቡ ደግሞ እንዴት ይጥማል... ግን እኔ መሪ ስይዝ ኬላውስ ላይ ሰው አይቆምም?

ሐሙስ፣ ኅዳር 20

መንጃ ፈቃዴን ለጣልያኑ አለቃችን፣ ለካፖው ሰጠሁ። ጣቶቹን ፊቴ ላይ አነሳ፣ ስንት ናቸው ማለቱ ነው። «ሦስት» አልኩ።

«ባስታ» አለ። በቃ።

ወደ ኮልፌ በእግሬ ተመለስኩ። አሥራ አንድ ዓመት ነድቻለሁ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 3

ጀማል ፖምፓውን ፈትቶ ይዞት መጣ። መርጨት አቁሟል። ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ ዳበስኩት፣ ቆዳው ጠርዙ ላይ ታጥፏል። አቃናሁት።

«ለምን ይጨፍናሉ ጋሼ?»

«ሲከፈት ያሳስተኛል።»

ሳቅን። ከሄደ በኋላ ግን ብዙ ሰዓት እጄን አልታጠብኩም። የካሚዮኑ ሽታ ነበረበት።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 8

ፊደሌ ተልቋል፣ አንድ ገጽ የሚይዘው አራት መስመር ብቻ።

ሰርኬ ያን ነገር ለሰፈሩ ሁሉ እያወራች ታስቃለች አሉ። ወልደሰንበት በዕድሜው ውኃ ይረጫል... አልቻልኩም። ዛሬ አጥር አጥሩን ይዤ ቤቷ ሄድኩ።

«ሰርኬ፣ ቀልድ አልነበረም። ዓይኔን ሞራ ይዞታል። እድፍ መስለሽኝ ነው።»

ሳቋ ተቋረጠ። እጇን በቀሚሷ ስትጠርግ ሰማሁ።

«ልጄን አዝዬ ነበር እኮ» አለች።

አላየሁም። ጀማልም አልነገረኝም።  ተነስቼ ወጣሁ።

መንገዱ ዳር ደረሰችብኝና እጄን ያዘች። ካሚዮን እየመጣ ነበር፣ ሞተሩን ስሰማ የኔው እንደሆነ አወቅኩት። እስኪያልፍ አጥብቃ ያዘችኝ። ልጅቷ ጀርባዋ ላይ ተኝታ ትተነፍሳለች፣ እዚያው ጆሮዬ ሥር።

«አሁን» አለች ሰርኬ። አሻገረችኝ።