ዳሽቦርዱ ላይ የለጠፍክልኝ ስቲከር

ልጄ ኢዩኤል፣ በወጣህ በገባህበት ሁሉ የጌታ እጅ ይቅደምልህ። የዱባይ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ ደህና ነን። እህትህ ሀይሚ ሥራ አግኝታ ጠዋት ጠዋት ግርግር ናት።

መኪናዋ ግን ቆመች። የአባትህን መኪና ለጉዞህ ሸጠን በምትኩ ገዝተህ የተውክልኝ ኦቶማቲኳ። ማርሽ ሳስገባላት ቶሎ አልሄድ ስትል ደወልኩልህ፤ «እማዬ፣ እስክትሞቅ ነው» አልከኝ። ሥሯ ቀይ ዘይት ሲንጠባጠብ አይቼ ስነግርህ «የኤሲ ውኃ ነው» አልከኝ። ቀይ ውኃ አለ እንዴ? ግን ልጄ ነህ፣ አመንኩህ። ማክሰኞ ኢምፔሪያል ጋ ሞተሩ እየጮኸ አልንቀሳቀስ አለች። ከኋላዬ የመጣ ገልባጭ መኪና ለጥቂት ሳተኝ።

ቦሌ ሚካኤል ያለው መካኒክ ይትባረክ «ማዘር፣ የማርሹ ካምቢዮ ካለቀለት ቆይቷል። መብራት አልበራብዎትም?» አለኝ። «ኧረ ምንም አላየሁም» አልኩት። ወደ ዱባይ ልትሄድ ስትል ዳሽቦርዱ ላይ የለጠፍክልኝን «ኢየሱስ ጌታ ነው» የሚለውን ስቲከር ላጥ አደረገው። ሥሩ ቢጫ መብራት ቦግ ብሎ በርቷል።

እኔ እኮ ጠዋት ጠዋት እሱን እያየሁ ነበር ለአንተ የምጸልየው። የመኪናዋስ ይቅር። በጌታ ስም ትሸፍንብኝ?

በል፣ ኤሲ ሥር አትተኛ፤ ወገብህን ይይዝሃል። ጌታ የእጅህን ሥራ ይባርክልህ። ስትደውል ሌላ ወሬ ከመጀመርህ በፊት እውነቱን ንገረኝ። ስቲከሩን አልጣልኩትም፤ ፍሪጁ ላይ ለጥፌዋለሁ። እዚያ የሚሸፍነው ነገር የለም።

እናትህ እንቁ