ነብሮ ሲኒማ ገባ

ይድረስ ለልጅ ልጄ ለደረሰ፣ ካለህበት ግንባር። እኛ በጌታ ቸርነት ደህና ነን።

ለሰፊው የሐዋሳ ሕዝብ የወጣ መግለጫ፦ ውሻህ ነብሮ ሲኒማ ገባ! እህትህ ታቢታ በጋቢዬ ሸፍና ቀበሌ አዳራሽ አስገባችው። አጭር ፊልም ነው፤ ልጁ ሩቅ አገር ይሄዳል፣ ውሻው በር ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። በመጨረሻ ልጁ ተመለሰ፤ ውሻው ዘሎ ተጠመጠመበት፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

እናትህ ደብዳቤህን ፍለጋ በየጠዋቱ በእግሯ ፖስታ ቤት እየደረሰች ባዶ እጇን ስትመላለስ፣ ስፖርተኛ ሆናልሃለች።

የሁላችንም ሰላምታ ይድረስህ። አያትህ ግዛቸው።

ከላይ ከጻፍኩልህ አንዷን ግን ፈጥሬያታለሁ። ልጁ ሳይመለስ ፊልሙ ተበጠሰ። ታቢታ ስታለቅስ ብድግ ብዬ፣ «ተመልሷል! እኔ ፊልሙን ሻሸመኔ አይቼዋለሁ!» አልኩ። ሽማግሌ አይዋሽም ብለው አጨበጨቡ። እንግዲህ ሽበቴን እንዳታሳፍር።