ባዶውን የነደደው ቦይለር

ሐሙስ፣ ሐምሌ 3። ጠዋት።
ዛሬም ውሃ ጥደን ታጠብን። እኔ በአንድ ጆግ፣ አስካለ በሁለት። ዝናቡ አላባራም። የጭላሎ ተራራ ከነጭራሹ አይታይም።

የአዲሱ መታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ያብረቀርቃል። ከሙቁ ቧንቧ የሚወርደው ግን በረዶ ነው። ቧንቧ ሠራተኛው ከድር መስመሩን ቀይሮ ከጨረሰ ብዙም አልቆየም። መጀመሪያ ይሞቅ ነበር። ቀጥሎ ቧንቧው እየሳለ አየር ይተፋ ጀመር። አሁን ቀዝቃዛ ብቻ።

ለሁለታችን ቢሆን ግድ የለኝም። ይህ ሁሉ ሥራ ለልጃችን ለትዕግስት ነው። ዴራ ነው የምትኖረው፣ ከባሏና ከእናቱ ጋር። ዘጠነኛ ወሯ ገብቷል። የመጀመሪያ ልጅ ሲሆን ሴት የምትታረሰው እናቷ ቤት ነው፤ አስካለ በዚህ አትደራደርም። ዴራ ግን ቆላ ነው። የአሰላን ሐምሌ አንተ ታውቀዋለህ፣ ደብተሬ፤ ስንቱን ክረምት አብረን ተንቀጥቅጠናል። ከሞቀ አገር አምጥተን በዚህ ውሃ ልንቀበላት?

ከድር ስልኩን ዘግቷል።

ቅዳሜ፣ 5።
ተራ በተራ አጣራሁ። ብሬከሩ አልወደቀም። የቦይለሩ ቀይ መብራት በርቷል። ሆዱን ስዳስሰው ቀዝቃዛ። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ከጣሪያው ሮቶ ስለሚወርድ ደህና ነው። የታመመው ሙቁ ብቻ። አስካለ ጥፋቱን በመብራት ኃይል ላይ ትደፈድፋለች። ኃይል ከሌለ ቀዩስ እንዴት ይበራል? አልተከራከርኳትም።

ከሰዓት የትዕግስት አማት፣ ወ/ሮ ዘውዴ፣ ደወሉ። መታጠቢያ ቤቱ አለቀ ወይ?
«ካለቀ ቆየ! እንፋሎቱ ብቻ ሰው ይቀቅላል» አለቻቸው አስካለ።
ስልኩን ስትዘጋ ወደ እኔ አላየችም።

ሰኞ፣ 7።
ከድር መጣ። ሮቤ ለቅሶ ነበረብኝ አለ። ይሁን።

ዛሬ የከተማው ውሃ ፈረቃ የእኛ ሰፈር አይደለም። ከድር ከቦይለሩ ሥር ያለውን ቱቦ ፈታ፤ እኔ ባልዲ ደገንኩ። ሙሉ መሆን ከነበረበት ሆድ አንዲት ስኒ እንኳ አልወረደም። ውስጡን ከፈተ። የማሞቂያው ብረት ጠቁሯል፣ ተሰንጥቋል። ባዶውን ሲነድ ከርሟል።

ውሃው የት ሄደ? ጠየቅሁት፤ ሲያድበሰብስ ደግሜ ጠየቅሁት። በመጨረሻ ተናገረ። ግፊት እንዲያገኝ ብሎ ቦይለሩን ከሮቶው ነቅሎ በቀጥታ ከመንገዱ መስመር አገናኝቶታል። ፈረቃ ሲያበቃ መስመሩ ይደርቃል፣ የቦይለሩም ውሃ ወደዚያው ተመልሶ ይፈሳል። ይህን የምታግድ ትንሽ ቫልቭ ከሥሩ ነበረች። አሁን የለችም። በቦታዋ ቀጥ ያለ ቱቦ ገብቷል።

«ቫልቯስ?»
ከድር ወደ ወጥ ቤቱ በር አየ። «እኔን አይጠይቁኝ ጋሼ። አውጣት ያሉኝ እትዬ ናቸው።»
አስካለ እጇን እየጠረገች ወጣች። «ታዲያ ቀን ከሌት ስትንጠባጠብ ዝም ልበላት? በፈረቃ ውሃ?»

ውሃው ሲሞቅ ትንሽ መንጠባጠብ የዚያች ቫልቭ ሥራዋ ነው። ከድር ይህን ያውቃል። ለምን አልነገርካትም አልኩት።
«ኧረ ነግሬአለሁ! ‹አንተ ጄሪካን ይዘህ ወረፋ አድረህ ታውቃለህ?› አሉኝ። ወላሂ፣ ምን ልመልስ?»

ሌላ አገር ያደገ ሰው ይስቅባት ይሆናል። ውሃ ሲንጠባጠብ እየሰማ ተኝቶ የሚያድር የዚህ ከተማ ሰው ግን አላውቅም። እኔም ድምፁ ሲቆም ደስ ብሎኝ ነበር። ለምን ቆመ ብዬ አልጠየቅሁም እንጂ።

ረቡዕ፣ 9።
ቫልቯ ተመልሳለች። መስመሩ ወደ ሮቶው ዞሯል። አዲስ የማሞቂያ ብረት ግን የለም። የአሰላን ሱቆች አዳረስኩ። ከአዳማ በሚኒባስ ያስላክነው አልገጠመም፤ ከድር በመዶሻ ሊያስገባው ሲል ነጠቅሁት። ሌላ ከአዲስ አበባ ይመጣል ተብሏል። መቼ? ማንም አያውቅም።

አስካለ ምሳ አቀረበች። ራሷ አልቀመሰችም። ውሃ በምድጃ እያሞቅን እናርሳታለን አልኳት። መብራት ሲጠፋስ? ሕፃኑስ? አለችኝ። ለወ/ሮ ዘውዴ እውነቱን እንንገራቸው ብል ተነስታ ወጣች።

ሐሙስ፣ 10። ከሰዓት፣ 11፡00።
ትዕግስት ደወለች። ለእኔ፣ ለእናቷ አይደለም። ወገቧን ያማታል። ሐኪሙ መውለጃሽ ደርሷል፣ መንገድ አትውጪ ብሏታል። እማዬ ትቀየመኛለች ብላ ትጨነቃለች። ስልኩን ለአስካለ ሰጠሁ። ሰማች፣ ሰማች።
«ማን ይቀየምሻል፣ አንቺ ሞኝ! እዚያው ሁኚ።»

ዘግታ አለቀሰች። ቆይታ፣ ለዘውዴ ደውልልኝ፣ እዚያው ወርጄ ላርሳት፣ ለምንልኝ አለች። እናት አማት ቤት ወርዳ ልጇን ስታርስ በእኛ ዘመዶች ዘንድ አልታየም። ምን እንደሚባል ሁለታችንም እናውቃለን።

ደወልኩ። ስለ እንፋሎቱም እውነቱን ተናገርኩ። ወ/ሮ ዘውዴ ሳቁ፤ ክፉ ሳቅ አይደለም።
«ምን ልመና ያስፈልገዋል? ትምጣ እንጂ! ገንፎውን ግን እኔ ነኝ የማገነፋው፤ ምድጃዬን እንዳትነካብኝ።»

አስካለ ከጎኔ ሆና ሰምታለች። አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠረገች።
«የሳቸው ገንፎ ይጓጉላል» አለች፣ ሻንጣ እየጎተተች።

ነገ በመጀመሪያው መኪና ትወርዳለች። እኔ ቀርቼ ብረቱን ልጠብቅ አልኳት። ልብስ ማጠፏን አቆመች።
«ብቻዬን በዚያ ደጅ ልታስገባኝ ነው?»

ብረቱ ይቆይ። አብሬያት እወርዳለሁ።